ከሩቅ የሚነበብ

ሌዳሞ በማለዳ ከረጢት አዝሎ መጣ፣
ሣሩ ላይ ዘርግፎ የገዛውን አወጣ፦
የአውቶቡስ መስታወት፣ አንድ ጎኑ የነቃ፣
ዘርፍ ያለው መጋረጃ፣ ቀይ፣ የሠርግ ዕቃ፣
ከሻሸመኔ ያመጣው ግዙፍ ድምፅ ማጉያ፣
(ዋጋውን ሲነግረኝ ዐይኑን ጣለ ወዲያ፣)
ጮኾ የሚያስደነግጥ የባጃጅ ጡሩንባ፣
አቧራ የለበሰ የፕላስቲክ አበባ፣
ሁለት ባንዲራዎች፣ ከነትኩስ ቀለማቸው፣
ብርቱካንማ ጃኬት፣ ሁለት ብቻ ናቸው፣
የአንዱ ዚፕ ደግሞ ጥርሱ የወለቀ፣
ሰው ሊያድን ተገዝቶ ራሱ የደቀቀ።

ጀልባዋ ስምንት ሰው ትጭናለች።

እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ፤ ታፔላ እጽፋለሁ፣
«ሥጋ ቤት»፣ «ቤት ይከራያል» እያልኩ እውላለሁ፣
ጀልባ ላይ ስጽፍ ግን ገና ጀማሪ ነኝ፣
ሌዳሞ ጎረቤት ነው፣ በዱቤ ቀጠረኝ።
«ስሟን» አለኝ «በትልቁ፣ ከአፍንጫ እስከ ጅራት፣
ቁጥሯን ግን ከታች በኩል አሳንሰህ ጻፍላት፤
ሰማያዊው ላይ ደግሞ አረንጓዴ አድርገው፣
ቁጥር እኮ የቢሮ ነው፣ ማንም አይፈልገው።»

ወረቀቱን ገለጥኩት፦ የምዝገባ ቁጥር አርባ ሰባት።
ቁመቱ አንድ ስንዝር፣ ውፍረቱ ሁለት ጣት፣
በግራም በቀኝም፣ ከውኃው ልክ በላይ፣
ቀለሙ ከጀልባው ተለይቶ የሚታይ።
«አረንጓዴ በሰማያዊ ሃምሳ ክንድ አይሄድም፣
ጀልባህ ሳትሰጥም ቁጥሯ ነው የሚሰጥም» አልኩት።
እሱ ግን ስለ ባንዲራው ነበር የሚያስበው፣
የትኛው ከፊት ይሁን፣ የትኛው ከኋላው፤
አንዱ ያገሩ ነው፣ አንዱ የክልሉ፣
«ሰው ያየኛል» ይላል «ከፍ ዝቅ ካሉ።»
ዘንጎቹን በመረብ ክር ለክተን አስተካከልን፣
ጥፍር ታህል ብትተርፍ በቢላ ፋቅ አደረግን።

ዳንጊሶ መረብ ሲጠግን ዝም ብሎ ሲያየን ኖሯል።
«ባንዲራ» አለ «ጌጥ ብቻ አይደል፣ የነፋስ ምላስ ነው፣
ጠዋት ዝም ቢልህ ተኛ ብለህ አትመነው፤
ከሰዓት ከማዶ መንጫጫት ሲጀምር
ተሳፋሪ ዘፈን ቢልህም ወደ ዳር ዙር።»
ቀጥሎም፣ መርፌውን በጥርሱ ነክሶ፦
«ድሮ ቁጥር የለም። ጀልባው ሁሉ ሰማያዊ።
አንድ ቀን፣ ሊመሽ ሲል፣ አንዷን ጉማሬ ገለበጣት።
እኛ ከዳር ነን። የማን ናት? የማን ናት?
ሁሉም ይጠይቃል፣ የሚመልስ የለም።
ስድስት ቤት ተለቀሰ እስከ እኩለ ሌሊት፣
አንዱ ቤት በእውነት፣
አምስቱ በስሕተት።»

አንድ አባ ኮዳ መጥቶ የዓሣ አንጀት ይዞ ሄደ።

ሌዳሞ ማጉያውን ከረጢት ውስጥ መለሰ፣
ቀዩን መጋረጃ በላዩ አለበሰ፣
ሄደ። ሳይናገር።
ምሳ ሰዓት አልፎ ሲመጣ አቀርቅሮ
ስድስት ጃኬት ነበር ትከሻው ላይ አስሮ።
(የዚያችንም ዚፕ አሠርቷታል።)
ጡሩንባውን ግን መተው አቃተው፣
«ጉማሬ ይፈራዋል» አለኝ፤ ማን ያምነው?

እኔም ነጩን ከፈትኩ። አራት። ሰባት።
ብሩሽ ጀልባ ላይ እንደ ግድግዳ አይታዘዝም፣
ጎኗ ጎባጣ ነው፣ መስመር ቀጥ ብሎ አይሄድም።
ስሟን በስተኋላ በትንሹ ጻፍኩላት፣
«ዳራሬ»፣ በልጁ ስም ነው የጠራት።

ማታ፣ አሞራ ገደል፣ ፀሐይዋ ስትገባ
ልጅቷ ከዳር ቆማለች፣ ዐይኗን አጥብባ።
በሲዳምኛ ነው የምትማር፤ የእኔን ፊደል አታነብም፣
ስሟን ከጀልባው ላይ ብታየው አታውቀውም፤
ቁጥር ግን ቁጥር ነው። አምስት ጀልባ መጣ።
አንዱን ተወች፣ ሁለቱን ተወች፣ ድንገት ድምጿ ወጣ፦
«አርባ...
አርባ ሰባት!»

እናቷ መጥበሻውን እሳት ላይ ጣደችው፣
አንገቷን ሳታዞር ዘይቱን ጨመረችው።

ሰባቱ ወደ ቀኝ ትንሽ ያዘነብላል፤
አይቶት እንደሆን እንጃ፣ ሌዳሞ ስለ ሒሳቡ «ሰኞ» ይላል።