ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሰባት

ታርቱ ላይ ክረምት ነው፤ ወንዙ ቆሟል ረግቶ።
ከሂዩማ ደሴት መጠይቁ መጥቶ፣
ከፊሉ በፖስታ፣ ከፊሉ በሰው እጅ፣
ተቆልሎ አድሯል ከቢሮዬ ደጅ።
እኔ ነኝ ወንፊቱ።

አለቃዬ ኡርማስ ሕጉን ሲነግረኝ፦
«ከላይ እስከ ታች 'ሦስት'፣ 'ሦስት' ያለ ሲገኝ፣
እንደ አጥር እንጨት የተደረደረ፣
አላነበበውም፤ እጁ ነው የዞረ።
አውጪው» አለ፤ ሄደ።

ወጥመድም አለበት፣ ሠላሳ ስምንት ላይ፤
«በዕድሜዬ በሙሉ ውሃ አላየሁም» ይላል፤
ያነበበ ስቆ «ሐሰት» ብሎ ያልፋል፣
ያላነበበ ሰው ዘሎ ይገባበታል።

አንዱ ዓሣ አጥማጅ፣ ባሕር ደጁን እየመታው፣
«በጣም እስማማለሁ» ብሎ አከበበው።
ሳቅሁና ሰረዝሁ።
አንዷ ሦስት ወልዳ፣ ባሏንም ቀብራለች፤
ዕድሜ በሚለው ላይ «አሥራ አንድ» ብላለች።
እሷንም ሰረዝሁ።
እስከ ምሳ ድረስ ስድሳ ሰው አጠፋሁ፤
የአጃ ዳቦ በላሁ፤ ፍርፋሪ አራገፍሁ።

ከዚያ የራይቮ ክምር። ሲያምር! ሲጣጣም!
ወጥመዱን የረገጠ አንድ ሰው የለበትም።
ኮምፒውተሩም «ይለፍ» አለ።
እኔ ግን ዓይኔ ሰባት ቁጥር ላይ ዋለ፦
ወገቡ ላይ ጭረት፣ እግሩ ቆልመም፣
በአርባው ቅጽ አንድ ነው፤ አንድ እጅ፣ አንድ ቀለም።
ለካ ልጁ ከወደቡ ሻይ ቤት ሳይወጣ፣
አርባ ነፍስ ፈጥሯል ሾርባ እየጠጣ፤
ለአንዷ ሪህ ሰጥቷት፣ ለአንዱ የልጅ ጣጣ።
ቸልተኛ ውሸት ጅራቱ ይያዛል፤
የተጋ ውሸት ግን ከእውነት በላይ ይወዛል።

ሲመሻሽ፣ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሰባት።
«ሌሊት ይተኛሉ?» ሦስት። «ጎረቤት አለዎት?» ሦስት።
«ውሃ አላየሁም» ሲል፣ እዚያም ላይ ሦስት።
ብዕሬን አነሣሁ።
ከኅዳጉ ጫፍ ላይ በእርሳስ፣ መስመር ስቶ፣
ፊደል በፊደል ላይ ተደራርቦ ወጥቶ፦

«ዓይኔ ፈዟል። ማረት፣ ፖስታ አመላላሿ፣
አምስቱን አንብባ ጠራቻት መርከቧ።
የቀረውን እኔ በጣቴ ዳብሼ
መሐል መሐሉን ነው ያከበብሁት፣
ባዶ መመለሱ ነውር መስሎኝ፣ ፈርቼ።
ስለጠየቃችሁኝ ተባረኩ። ኤንዴል።»

«አንዱ ወረቀት» ይላል ኡርማስ «የሃያ ሰው ጥላ ነው»፤
ከኤንዴል ኋላ የቆመው ሃያው ሰው ማን ነው?
ፖስታው ደጅ አድሮበት በረዶ የበላው፣
ወይ በመጠይቁ ምድጃ የለኮሰው?

ሕጉ ሕግ ነው። እሱ አላነበበም።
«ማን ያነብልዎታል?» የሚል ግን
ከሰማንያው ጥያቄ አንድም የለም።
ኡርማስ ኮቱን ለብሶ «ጨረስሽ ወይ?» ሲለኝ
«አዎ» አልሁ፣ ጥያቄው ጆሮዬ ሳይደርሰኝ።

አሁን ሰንጠረዡ ላይ፣ ላየው ሰው፣
ከአራት መቶ አሥራ ስድስት ቀጥሎ
አራት መቶ አሥራ ስምንት ነው።