ሰባ ዘጠኝ ሳንቲም

ቱሉ ዲምቱ፣ ብሎክ አርባ ሁለት፣ አራተኛ ፎቅ፤
ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፤
ጠረጴዛው ላይ አንድ ኬክ፣ ጎኑ የሚያሳቅቅ፣
ከቃሊቲ እስከዚህ በአውቶቡስ የደማ።

ሳጥኑን እንደ አራስ ልጅ ታቅፌው ነበረ፤
ሹፌሩ ጉድጓድ ሲሸሽ ሌላ ጉድጓድ ገባ፣
የአንዲት ሴት ድንች ከነዘንቢሉ ላዬ ላይ ሰፈረ፣
ከሰባቱ አበባ ቀረኝ ሦስት አበባ።

ሲፈን ዛሬ ስድስት ዓመቷ ነው።
ታች ናት፣ ገመድ ስትዘል ድምጿ ይሰማኛል፤
ስትቆጥር ከሃያ ዘጠኝ ወደ ሃምሳ ትዘላለች።
እናቷ ትርሲት ቂሊንጦ ናት፣ የሸሚዝ ኮሌታ ትሰፋለች፣
አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰርቪሱ ያወርዳታል።
እስከዚያ ይህን ቁስል ማን ይሸፍን?
ያለሁት እኔ፤ ያለኝም ሪባን።

ሙኒራ ናት የሰጠችኝ፣ ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ልብስ ሰፊ፤
ከሚዜዎች ቀሚስ የተረፈ፣ ሐምራዊ ሳቲን ነው።
«ሂሳቡን ተወው» አለች፣ «አንድ ቁራሽ ላክልኝ፣
ከአበባው በኩል ይሁን።»
ሦስት መቅረቱን አልነገርኳት፤ አፈርኩኝ።

ሴራሚክ አንጣፊ ነኝ። መዳፌን ሲሚንቶ በልቶታል።
ሳቲኑን ስነካው፣ እሾህ አጥር ነጠላ እንደሚይዘው፣
ቆዳዬ ክር ይመዛል።
ሁለቴ ታጠብኩ፣ ቫዝሊን ቀባሁ፣ ጠረግሁ፣
እንደ ቀዶ ሐኪም እጄን ወደ ላይ ይዤ ቆምኩ።

ከዚያ ሜትሬን አወጣሁ።
መሳቅ ትችላላችሁ፤ እኔ የማውቀው መለካት ነው።
ዙሪያው ሰባ ዘጠኝ ሳንቲም መጣ።
(ሳንቲም ስል ርዝመቱን ነው፤ የኪሱማ ትናንት አለቀ።)
ለቋጠሮ ሠላሳ፣ ለስህተት አምስት ጨመርኩ፤
«ለስህተት ሳትጨምር አትቁረጥ» ይል ነበር
ሙያውን ያስተማረኝ ጋሽ ወንድይፍራው።
ውሃ ልኩንም በላስቲክ ጠቅልዬ አስቀመጥኩበት፤
አረፋዋ ከተደፈጠጠው ጎን ሸሸች።
ያዘመመው ኬኩ ይሁን ፎቁ፣ እንጃ።

ሪባንን በቴሌቪዥን ነው የማውቀው።
ስንቱን ወለል ተንበርክኬ አነጠፍኩ፣
ስንቱን መታጠቢያ ቤት፣ ስንቱን የሆቴል ደረጃ፤
በምርቃቱ ቀን መቀስ በትሪ ይመጣል፣
ይጨበጨባል፣ አንድ ሰው ይቆርጣል፣
ከጫማው ሥር የኔ ሴራሚክ ያበራል።
እኔ ያን ጊዜ ሌላ ሰፈር ነኝ፣
ሌላ ወለል ላይ፣ ጉልበቴን እያሻሸሁ።

ሪባኑ ዞረ፤ ጫፍና ጫፉ ተገናኘ፤
የተሰበረው ጎን ቋጠሮው ሥር ገባና ዳነ።
ለነገሩ አልዳነም፤ ተሸፈነ።
ቢራቢሮ አስመስለዋለሁ ስል የጫማ ክር መሰለ፤
ፈታሁት፤ ደግሜ ቋጠርኩት፤
አሁንም የጫማ ክር ነው፣ ግን የበዓል ጫማ።

አንድ ሰዓት ላይ መብራት ሄደ።
በየደረጃው ልጆች «ኡ!» አሉ።
ትርሲት በስልኳ ብርሃን አራት ፎቅ ወጥታ መጣች።
ለኬኩ የገዛነው ሻማ ለቤቱም እሱ ሆነ፤
ስለዚህ ሲፈንን ለመንናት፣
«እፍ አትበዪው፣ እንጨልማለን።»

ቢላውን ሰጠኋት። «ሪባኑን ቁረጪና መርቂልን»
አልኳት፣ እጄን ለጭብጨባ አዘጋጅቼ።
አየችኝ። ቢላውን አስቀመጠች።
ምላሷን በከንፈሯ ይዛ፣ በጥፍሯ፣ ቀስ ብላ
ያን ሁሉ የደከምኩበትን ቋጠሮ ፈታች።
«አባ፣ ይሄ እኮ አይቆረጥም። የፀጉር ነው።»

የደቀቀው ጎን ብቅ አለ።
ማንም ምንም አላለም።
ትርሲት ከዚያ በኩል ለራሷ ቆረጠች።
አንዱን አበባ ከነቁራሹ ለሙኒራ ይዤ ወረድኩ፣
ግድግዳ እየዳበስኩ።

ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት ሄደች፣
ሁለት ሹሩባ በአንድ ሪባን፣
ጫፉ ላይ ክሬም ደርቆ።
አንዲት ንብ እስከ ፌርማታው ሸኘቻት።