የሸማኔው መዝገብ

በቤትሳን ከተማ፣ ወንዝ ዳር ሠፈራችን፣
ቀን ሸማኔ ነበር፣ ሌሊት ጳጳሳችን።
ቴዎጢሞስ ይሉታል፤ አንድ ዓይኑ ፈዘዘ፣
ድሩን በጣቶቹ እየዳበሰ ያዘ።
ስብከቱ አጭር ነበር፣ ሳል የሚያቋርጠው፣
አሜን የሚለውም መወርወሪያው ነው።

ከቄሣር አዋጅ ወጣ፦ መጽሐፍ ይቃጠል!
መቶ አለቃው መጣ በራችንን ሊነቅል።
«አምጣ» አለው፣ «ሌሊቱን የምታነቡትን፣
ከወርቅ አብልጣችሁ የምትደብቁትን።»

ሽማግሌው ዝም አለ፤ ወደ ጓዳ ገባ፣
ብራና አወጣ፣ ሽታው ሁሉ ተልባ።
«ይኸው» እንኳን አላለም፤ እጁን ዘረጋና፣
ወደ ድሩ ዞሮ ዝም አለ እንደገና።
የሶርያን ፊደል ወታደር መች ያውቃል?
ነበልባልም ቢሆን ሳይመርጥ ይልሳል።

እኔ ግን አወቅሁት፦ የዕዳ መዝገብ ነው፣
ያባቴም አለበት፣ ሦስት ክረምት ያደረው።
ሠፈሩ በሙሉ የወሰደው ሸማ
ጢስ ሆኖ ተነነ ሌሊት በጨለማ።

ወንጌሉስ? ካላችሁ፣ እዚያው ነው የነበረ፣
ከተሸመነው ጋር ተጠቅልሎ አደረ።

በማግስቱ አባቴ ገንዘብ ይዞ መጣ፤
«ከተቃጠለ ዕዳ ምን ሂሳብ ይወጣ?»

በወሩ ወሰዱት፣ መዳብ ወደሚቆፈር፤
የጀመረው ሸማ እንዳለ ነበር።
እኔ ጨረስኩለት፤ ያስታውቃል ላየው፣
ቀጭኑ የሱ ክር፣ ሻካራው የኔ ነው።