ኮፍያህ

ቁልፉን ሦስቴ አዙሮ፣ በሩን ሦስቴ ገፍቶ፣
ኢልማሪ ልጄ ወጣ፣ የጆሮ መከለያውን ከኮቱ ኪስ አውጥቶ።
ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ይሠራል ቤተ መጻሕፍት፤
መደርደር ያውቅበታል፤ መንገዱ ነው የኔ ፍርሃት።

ዘጠኝ ቀን አብሬው፣ በቱርኩ በረዶ፣
ፌርማታ ተቆጥሮ፣ መንገድ ተለምዶ፣
«ዛሬ ብቻዬን ነኝ» አለኝ በአሥረኛው፤
«እሺ» አለው አፌ፤ ሆዴ ነው ያልሰማው።

ኮፍያዬን ደፍቼ፣ አንገቴን ሰብሬ፣
ከሕፃን ጋሪ ጀርባ በመሐል በር ገባሁ፣ እንደ ሌባ ዞሬ።
እሱ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጧል ቀጥ ብሎ፤
ሕፃኑ ሲጮህበት፣ ጉልበቱን በጣቱ መታ መታ አድርጎ አሳለፈው፣ ችሎ።

ስልኬ ተርገፈገፈ። ጽሑፍ ነው፤ ሦስት ቃል፦
«ኮፍያህ ታየኝ፤ ውረድ።»
ከዚህ ወዲያ ምን ይባላል?

ወረድኩ።
ስሙን የማላውቀው ፌርማታ፤ ነፋስና ጨለማ።
ደወልኩ፤ አያነሣም። ስልክ አይወድም፤ ረስቼ።
«ጠፋሁ» ብዬ ጻፍኩለት፣ ጓንቴን በጥርሴ ጎትቼ።

መልሱ ወዲያው መጣ፦
«መንገዱን ተሻገር። ቁጥር ሠላሳ ሁለት።
ስድስት ደቂቃ ቀርቶታል።
በፊት በር ግባ።
አትደበቅበት።»