ዕድሜው ደርሶ ነበር

ጊምሊ፣ ከሐይቁ ዳር፣ የአረጋውያን ቤት፣
የሌሊት ተረኛ ነኝ፤ ቅጽ እሞላለሁ፣ የሞትን ምክንያት።
«ልብ» እጽፍ ነበረ፣ «ኩላሊት»፣ «ካንሰር»፣ «ከአልጋ መውደቅ»፤
በበረዶው ወራት ሦስት ሰው፣ ቢበዛ አራት፣ ቀስ እያለ ሲያልቅ።
ያ ሞት ልማደኛ ነው፤ አንኳኩቶ ይገባል፣
ልጆች ከዊኒፔግ እስኪደርሱ ወንበር ስቦ ይጠብቃል።

ይኼኛው ግን
በአሥራ አንድ ሌሊት ዘጠኝ ክፍል ገፈፈ፤
ልጅ ከመስኮት ማዶ፣ በረዶ ላይ ቆሞ፣ በስልክ ተንሰፈሰፈ።

የሲጉርጌር ልጅ ደወለ፦ «ዘጠና አንድ ዓመቱ፣
ዕድሜው ደርሶ ነበር፤ ልቡም የደከመ፤ አይቀር ነበር መሞቱ።»
ዝም አልኩት። ሒሳቡን እኔም አውቃለሁ፤
በዚህ ዕድሜ ልብ ስንቱን እንደሚወስድ በየዓመቱ ቆጥሬአለሁ።

ግን ቀን መቁጠሪያው ላይ በእርሳስ የጻፈው አለ፦
«ሜይ አራት። አምስት ዶላር።»
የሐይቁ በረዶ የሚሰነጠቅበትን ቀን
ከወጥ ሠሪዋ ከማርሊስ ጋር ተወራርዶ ነበር።

ሜይ ሦስት፣ ከእራት በኋላ፣ ሐይቁ ጮኸ።
በአንድ ቀን ተሸነፈ።

በማግሥቱ ዕዳውን ልክፈል ብዬ ብሩን ዘረጋሁላት፤
ማርሊስ ድስቷን እያማሰለች፣ ፊቷን ሳትመልስ፣
«እሱ ራሱ ይክፈለኝ» አለች።