መደብ

ሽምብጥ፣ ከሞተር ጥገናው ጀርባ፣ ናፍጣ በሚሸት መጋዘን
ማታ ማታ እንሰበሰባለን፤ አራት ወይ አምስት እንሆናለን።
ጠረጴዛችን የተገለበጠ ጀልባ ነው፤
የወደቀ ሳንቲም ሁሉ ስንጥቁ ነው የሚውጠው።

ገና ካርታው ሳይታደል፣ ገና ማንም ዕጣውን ሳያይ
አሥር አሥር ብር ይጣላል መሐል ላይ።
መደብ ነው። ለመቀመጥ ብቻ የሚከፈል፣
ላልቀረበ እራት፣ ላልመጣ ዕድል።
ከዚያ ሦስት ሦስት ይታደላል፤ ሁለቱ ተደፍቶ ዝም ይላል፣
ሦስተኛው ተገልጦ ገበናህን ያወራል።

ጋሽ ጓንጉል ሞተር ጠጋኝ ነው፤ ሁለት ጣቱን ፕሮፔለር በልቶበታል፤
በስምንት ጣት ሲበውዝ ግን ባለ አሥሩ ይቀናበታል።
መቶ ብር ብቻ መቅረቷን አየና አንድ ማታ
ወንበሩን ስቦ ተጠጋኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በቀስታ፦

«እምቦጩን አየኸው? ከደምቢያ በኩል ሲመጣ
አንድ ቀን ጦር አልሰበቀ፣ አልፎከረ፣ አልተቆጣ፤
በየሌሊቱ ክንድ ብቻ፣ ክንድ ብቻ ነው የሚወስድ፤
ባለመረቡ ‹ነገ› ሲል፣ ውሃው ሆነ የከብት መንገድ።
መደብም እንዲሁ ነው ልጄ፤ ተሸንፈህ አይደለም የምታልቅ፤
ተቀምጠህ ነው። በመጠበቅ።

ስለዚህ በሰው ፊት የተገለጠውን ቁጠር፤
የምትፈልገው ካርታ እዚያ ከተጋደመ፣ ጣለው፤ አትከራከር።
ካልተጋደመ ግን፣ ጥንድ ብቻም ቢሆን በእጅህ ካለ
ጠርገህ አግባ። ግማሽ የገፋ ሰው ሙሉውን ነው የጣለ።
ሁሉን ካገባህ ወዲያ ማን ምን ይጠይቅሃል?
ባዶ ኪስ እስከ ሰባተኛዋ ካርታ በነፃ ያያል።
ብቻ አንዲት መደብ እስክትቀርህ አትጠብቅ፤
የማያስፈራን ሰው ሁሉም ይከተለዋል፣ በሳቅ።»

ሰማሁት። ሰምቼም ሦስት ዙር ፈራሁ፤
ሠላሳ ብሬን ለዝምታ ከፈልሁ።
በአራተኛው ሁለት ንግሥት መጡልኝ፤ አንዷ ተደፍታ፣ አንዷ ተገልጣ፤
ከዓሣ ነጋዴዋ ከአያልነሽ ፊት ደግሞ አስ ወጣ።
ስድሳዋን ገፋሁ። ሌሎቹ ጣሉ፤ ቀረች እሷ፤
ቅርፊት የደረቀበት እጅጌዋን ጠቅልላ፣ ‹ልይህ› አለች፣ እንደ ለራሷ።

ካርታው ወረደ፤ ከዚያ ወዲያ የምወስነው አልነበረኝም፤
የሐይቁ ነፋስ ቆርቆሮውን ሲመታ ሰማሁ፤ ያን ያህል ማታ ተቀምጬ ሰምቼው አላውቅም።
ሰባተኛዋ ተገለጠች። ንግሥቶቼ ቆሙ፤ አስ ሳይደግማት ቀረ።
እልል ልል ስል፣ ጋሽ ጓንጉል መበወዝ ጀመረ፦
«አሥር ብር።»

ኋላ ነው አያልነሽ የነገረችኝ፣ አብረን የሐይቁን ዳር ስንዞር፤
ያቺ ጀልባ የእሱ ናት። የማረፊያ ይከፍልባታል በየወር፣
ስድስት ዓመት። ስንጥቋን ሊያስደፍን፣ ክረምቱ ሲወጣ፣
ቀለሙ ሲረክስ፣ ደህና ሞተር ሲመጣ።

ሊነጋ ሲል ቆሜ የተረፈኝን ቆጠርሁ፦ አሥራ አንድ መደብ።
ክንድ ያህል ጠብቦ ነበር፣ ፊቴ ያለው ወደብ።