መቶ ስልሳ አንድ

ሃያ ሰባት ዓመት ሰው ሽቅብ ሳወጣ፣
እኔ ከወንበሬ ሳልነሣ ሆዴ ብቻ ወጣ።
ቫልፓራይሶ ነው፤ ከተማው ገደል ነው፣
ቤት ከቤት ትከሻ ላይ የተደራረበው፤
ባሕሩ ከእግር ሥር፣ ሰማዩ ከራስ ላይ፣
የእኔ የእንጨት ሳጥን መሐል ሲዋልል የሚታይ።
ገመዱ ይስባል፤ ሐዲዱ ያቃስታል፤
ነፍሰ ጡር፣ የዓሣ ቅርጫት፣ አንዴ ፒያኖ፣ ሁሉም ይሳፈራል።
እኔ ኖልቤርቶ ነኝ፤ ማንሻውን ገፋሁ፣ ማንሻውን ሳብሁ፣
ሃምሳ ሁለት ዓመቴን እዚያው ሳጥን ሞላሁ።

ሚያዝያ ላይ ሐኪሟ ክንዴን በጨርቅ አስራ፣ አየር ነፍታ ነፍታ፣
ቁጥሩን ስታነበው ዝም አለች ለአፍታ።
«ሥራህ ምንድን ነው?» «ሰው አወጣለሁ» አልኋት።
«ወደ ላይ?» «ወደ ላይ።» ሳቋ አመለጣት።
«እንግዲያው ራስህን አንዳንዴ አውጣው» አለች፤
«በእግር» ብላ ጻፈች፣ ከሥሩ አሰመረች።

ደረጃው ከሐዲዱ ጎን ነው፤ ዘወትር በመስኮት ቁልቁል የማየው፣
መቶ ስልሳ አንድ፣ ልጅ ሆኜ ሁለት ሁለቱን ዘልዬ የጨረስሁት፣
ያኔ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ሃያ ሦስት ወጣሁ፣
ሰማያዊው በር ጋ ትንፋሼን ፈለግሁ።
አንዲት ሴት ከሰገነት ልብስ ስታሰጣ አየችኝ፤
ጫማ እንደሚያስር ሰው ጎንበስ አልሁ።
(ጫማዬ ማሰሪያ የለውም።)
ወረድሁ።

በማግስቱ ያው ሃያ ሦስት። በሦስተኛው ቀን ዝናብ፤
ዝናቡን መረቅሁት፣ ተኛሁ።
በአራተኛው ሃያ አምስት።
ሁለት ደረጃ። ሚስቴ ሚረያ «ሁለት?» አለች፣ ሾርባውን እያማሰለች፤
«ሁለት» አልኋት፣ እንደ ሹመት።

ቀኝ ጉልበቴ ጮኸ እንዳረጀ ማጠፊያ፣
በየአሥር ደረጃው ጠየቀኝ ማረፊያ።
ጉልበት ስሙ አንድ ነው፣ ለአጥንቱም ለአቅሙም፤
አንዱን ካላሠሩት ሌላው አይመጣም።

ጌታ የሌለው ውሻ፣ አንድ ጆሮው ቆራጣ፣
ስወጣ ሲወጣ፣ ስቆም ሲቆም መጣ።
ከሳጥኑ መስኮት ደንበኞቼ ያዩኛል፤
«ኖልቤርቶ! አሳንሰሩ ተበላሸ?» ይሉኛል።
«ኧረ ደህና ነው።»
«ታዲያ የተበላሸው አንተ ነህ?»
«አዎ። ጥገና ላይ ነኝ።»

ሰኔ ብርዱ ገባ፤ ሰባ ላይ ደረስሁ።
ሐምሌ ሳል ጣለኝ፤ ወደ አርባ ተመለስሁ።
የሚያናድደው ይሄ ነው፤ ገንዘብ እንኳ ባንክ ትተውት ይቆያል፣
ትንፋሽ ግን ሁለት ሳምንት ካልጠየቁት አገር ይለቃል።

ከአርባ ጀመርሁ። አንድ በቀን፤ አንዳንድ ቀን ምንም።
ዘጠና ስድስተኛው ላይ ግንቡ ዝቅ ይላል፣ ወደቡ ይታያል፤
እዚያ ስቀመጥ አባቴ ትዝ ይለኛል።
በሃምሳ አራት ዓመቱ፣ የስኳር ጆንያ ጀርባው ላይ እንዳለ፣
ከመርከቡ ድልድይ ወደቀ።
ድካም ገደለው አሉ።
እኔን ሊገድለኝ የነበረው
ዕረፍት ነው።

ጥቅምት፣ እሑድ ጠዋት፣ ነፋሱ ጨው ጨው ሲል፣
መቶ ሃምሳ ስምንት፣ ጭኔ ሲብረከረክ፣ ሸሚዜ ሲርስ፣
ዘጠኝ፣
ስልሳ፣
ስልሳ አንድ። ማንም አላጨበጨበም።
አንድ ልጅ «ጋሼ፣ ኳሷን!» አለኝ፤ መታሁለት፤ ጠማማ ሄደች።
ውሻው ጥላ ፈልጎ ተኛ፣ እንደ ጨረሰ ሠራተኛ።

ለመውረድ ወደ ሳጥኔ ሄድሁ።
የእሑድ ተረኛዋ ያሚሌት፣ ልጄ የምትሆን፣
«ግባ፣ አንተን ማን ያስከፍላል!» አለች።
ሳንቲሜን ቆጥሬ ፊቷ ደረደርሁ፤
«ዛሬ ተሳፋሪ ነኝ» አልሁ።
ማንሻውን ስትስብ እጄ ባዶ አየር ሳበ፣ ከልምድ።
ወንበሩ ባዶ ነበር።
ቆሜ ወረድሁ።